ዘለፋውን ለንደን ትቶ ዜናውን ማምጣት፦ ስለ እንግሊዝ አሰልጣኞች የሚጻፈውን ለሚተረጉሙ

የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በተሸነፈ ማግስት የአማርኛ ስፖርት ፕሮግራም አዘጋጅ እጅ ቀድሞ የሚገባው የጨዋታው ዘገባ አይደለም። የዘ ሰን፣ የዴይሊ ሚረርና የዴይሊ ሜይል የጀርባ ገጽ ነው። አርዕስቱ ትልቅ፣ አጭርና የሚያስቅ ስለሆነ ቶሎ ይተረጎማል። ጠዋት በኤፍ ኤም ይነበባል፣ ምሳ ሳይደርስ የቴሌግራም ቻናሉን ሁሉ ያዳርሳል። እንዲህ እያለ ለንደን ውስጥ በአንድ የማታ ፈረቃ የተቀመመ ስድብ አማርኛ ለብሶ እንደ ዜና ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ ከእነዚያ ጋዜጦች በየቀኑ ለሚተረጉሙ፣ ለሚያነቡና ለሚያጋሩ ሰዎች ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከትርጉም በፊት የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ የማን እጅ እንደሆነ መለየት ነው። በአንድ ታብሎይድ (በትንሽ ገጽ የሚታተም፣ ስሜት ቀስቃሽ ጋዜጣ) ገጽ ላይ ቢያንስ አራት ዓይነት ሰዎች ይሠራሉ። ዋናው የእግር ኳስ ጸሐፊ ከቡድኑ ጋር ይጓዛል፣ ስታዲየም ተገኝቷል፣ አሰልጣኙን በአካል ያውቃል፤ ነገም ፊት ለፊት ተቀምጦ ሊጠይቀው ነው። የዜና ክፍሉ ሪፖርተር ደግሞ በትልቅ ውድድር ጊዜ የሚላከው ለኳሱ ሳይሆን ለሆቴሉ ነው፤ ማን ከማን ጋር አመሸ፣ ምን ጠጣ የሚለውን ይከታተላል። አምደኛው ብዙ ጊዜ የቀድሞ ተጫዋች ነው፤ ሐሳቡን በስልክ ይናገራል፣ በስሙ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። አራተኛው ስሙ ገጹ ላይ የማይወጣው የዴስክ አርታኢ ነው። አርዕስቱን የሚያወጣው እሱ ነው። ለንደን ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ፣ የማተሚያ ሰዓቱ እየገፋው፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ቃላት በሚበቃ ቦታ ላይ ይሠራል። በጽሑፉ አናት ላይ የታተመው ስም የአርዕስቱ ባለቤት ስላልሆነ፣ «እገሌ የተባለው ጋዜጠኛ አሰልጣኙን ጅል ብሎ ሰደበው» ብሎ መተርጎም በጋዜጠኛውም ላይ የሐሰት ምስክርነት ነው።

ስለዚህ አርዕስቱን በወረቀት ሸፍኑትና ጽሑፉን ከታች ወደ ላይ አንብቡት። በታብሎይድ ዘገባ ውስጥ ጠንካራው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው አንቀጽ በኋላ ነው የሚገኘው፤ የግቦቹ ደቂቃ፣ የተቀየረው ተጫዋች፣ አሰልጣኙ የተናገረው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እዚያ አለ። የላይኞቹ አንቀጾች አርዕስቱን ለመደገፍ የተጻፉ ናቸው።

ከሁሉ የታወቀውን ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። ጁን 17 ቀን 1992 ሶልና ላይ ስዊድን እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ ከአውሮፓ ዋንጫ አስወጣቻት። በማግስቱ ዘ ሰን «ስዊድስ 2፣ ተርኒፕስ 1» ብሎ ወጣ። የአሰልጣኙን የግሬሃም ቴይለርን ፊትም ከተርኒፕ ጋር አዋሕዶ አተመው። «ስዊድ» በእንግሊዝኛ ስዊድናዊ ማለት ነው፤ የአንድ ወፍራም ሥር ያለው አትክልት ስምም ነው። ተርኒፕ የዚሁ አትክልት ዘመድ ሲሆን እንግሊዞች ሰውን ተርኒፕ ሲሉት ደነዝ ማለታቸው ነው። ቀልዱ ያለው በአንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ላይ ብቻ ነው። አማርኛ ላይ ያ ቃል የለም፣ ስለዚህ ቀልዱም የለም። ተርጓሚ እዚህ ሲደርስ ከሁለት ስህተቶች በአንዱ ይወድቃል። ወይ «ስዊድን 2፣ ድንች 1» ይልና ማንም ሳይስቅ ያልፋል፤ ወይ ቀልዱ እንዳይጠፋበት ብሎ «ስዊድን 2፣ ደደቦቹ 1» ይላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ በጨዋታ ቃል የተሸፈነው ስድብ ሽፋኑን አውልቆ ራቁቱን ይወጣልና።

አሁን አርዕስቱ ያስቀረውን እንቁጠር። እንግሊዝ በዴቪድ ፕላት ግብ ገና በ4ኛው ደቂቃ እየመራች ነበር። ያን ኤሪክሰን በ51ኛው፣ ቶማስ ብሮሊን በ82ኛው ደቂቃ አገቡባት። ከዚያ በፊት ከዴንማርክና ከፈረንሳይ ጋር 0 ለ 0 ተለያይታ ስለነበር በ2 ነጥብ የምድቡ መጨረሻ ሆነች። ውጤቱ 1 ለ 1 እያለ ቴይለር አምበሉን ጋሪ ሊንከርን አስወጥተው አለን ስሚዝን አስገቡ። ሊንከር በ48 ግብ ላይ ነበር፤ የቦቢ ቻርልተንን የ49 ግብ ክብረ ወሰን ለመስተካከል አንዲት ግብ ቀርታው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለአገሩ አልተጫወተም። ይህ ቅያሪ የሚያከራክር ነው፤ ቴይለርም ሊጠየቁበት የሚገባ ውሳኔ ነው። በሌላ በኩል እኚሁ ሰው ከሶልናው ምሽት በፊት በመሩዋቸው 23 ጨዋታዎች የተሸነፉት አንዱን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ተርኒፑ ዋጠው። ከባዱ ጉዳት ስድቡ አይመስለንም፤ ትክክለኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። ሊንከር ለምን ወጣ? ቡድኑ በሦስት ጨዋታ አንድ ግብ ብቻ ለምን አገባ? አንባቢው ስለ አትክልት ሲስቅ እነዚህ ጥያቄዎች ወደ ኋላ ቀሩ።

ያንን ዜና ዛሬ በአማርኛ ብንጽፈው እንዲህ ይበቃል፦ «እንግሊዝ በአስተናጋጇ ስዊድን 2 ለ 1 ተሸንፋ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። በፕላት ግብ ብትመራም ከእረፍት በኋላ ሁለት ግቦች ተቆጥረውባታል። አሰልጣኙ ግሬሃም ቴይለር ውጤቱ እኩል እያለ አምበላቸውን ሊንከርን ማስወጣታቸው ብርቱ ትችት አስነሥቷል። ዘ ሰን ጋዜጣ አሰልጣኙን በአትክልት ስም አላግጦባቸዋል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዘለፋውን እንደ ክስተት ትዘግባለች፤ ቃሉን ግን ተቀብላ አትደግመውም። ጊዜ ካጠረ መጀመሪያ የምትቆረጠውም እሷ ናት።

አንዴ የተሰጠ ቅጽል ስም ለጋዜጣው ዕቃ ግምጃ ቤት እንደገባ መሣሪያ ነው፤ አዲስ መረጃ ሳያስፈልገው በተፈለገ ጊዜ ይወጣል። በሴፕቴምበር 1992 እንግሊዝ በስፔን 1 ለ 0 ስትሸነፍ አሰልጣኙ ሽንኩርት ሆኑ። በኖቬምበር 1993 ቡድኑ ለ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ሳያልፍ ቀርቶ ቴይለር ሲለቁ ተርኒፑ ተመልሶ መጣ። በ2017 ሲያርፉም ብዙ የሕይወት ታሪካቸው ዘገባዎች ያለ እሱ አላለፉም። 38 ጨዋታ መርተው 18 አሸንፈው 7 ብቻ የተሸነፉ ሰው ናቸው። በትርጉም ላይ ቅጽል ስም ባገኛችሁ ቁጥር ቦታው ላይ የሰውየውን ስም አስገቡና ዓረፍተ ነገሩን ደግማችሁ አንብቡት። ከዚያ በኋላ የሚቀር መረጃ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ ዜና አልነበረም፤ አውጡት።

አንዳንዱ አርዕስት ሲተረጎም ከለንደን ይልቅ እኛ ዘንድ የበለጠ ያቆስላል። በኖቬምበር 1988 እንግሊዝ ሪያድ ላይ ከሳዑዲ ዓረቢያ 1 ለ 1 ስትለያይ ዴይሊ ሚረር አሰልጣኙን ቦቢ ሮብሰንን «በአላህ ስም፣ ሂድ» አላቸው። እንግሊዛዊ አንባቢ ከኋላው ያለውን ይሰማል፤ ኦሊቨር ክሮምዌል በ1653 ፓርላማውን ሲበትን ተናገረው የሚባለውን «በእግዚአብሔር ስም፣ ሂዱ» የሚለውን። ያንን ታሪክ የማያውቅ አድማጭ ግን የሚሰማው የአምላክ ስም መቀለጃ ሲሆን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው በአማርኛ ሬዲዮ ቃል በቃል አይነበብም። «ጋዜጣው አሰልጣኙ እንዲለቁ ጠየቀ» ማለት ሙሉ ትርጉሙ ነው። ይህን ስንል አንድ ነገር እናክል፤ እኚህ «ሂድ» የተባሉ ሰው ለ1990ው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስድስት ጨዋታ አድርገው አንድም ግብ አልገባባቸውም፤ ከዚያም ጣሊያን ላይ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው በምዕራብ ጀርመን በመለያ ምት ነው የወጡት። የአሰልጣኝ ግለ ታሪክ ስታዘጋጁ የድሮ አርዕስት ስለ ችሎታው ማስረጃ እንደማይሆን የሮብሰን ጉዳይ በደንብ ያሳያል።

ስቲቭ ማክላረን በኖቬምበር 2007 ዌምብሌይ ላይ በክሮኤሺያ 3 ለ 2 ሲሸነፉ ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ዴይሊ ሜይል «ኤ ዎሊ ዊዝ ኤ ብሮሊ» አለ፤ ቤት የሚመታ ነገር ነው፣ «ጃንጥላ የያዘው ጅል» እንደማለት። በማግስቱ ተሰናበቱ። እዚህ ላይ ስድቡ የተሠራው በፎቶው ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉን አጽድታችሁ ያንኑ ፎቶ ብትለጥፉ ምንም አላጸዳችሁም። ከጨዋታው ሌላ ፎቶ ፈልጉ።

ሮይ ሆጅሰን ሜይ 1 ቀን 2012 ሲሾሙ ግን ገና አንድ ጨዋታ አልመሩም ነበር። በማግስቱ ዘ ሰን በፊት ገጹ «ር» የምትለዋን ድምፅ አጥርተው በማይናገሩበት አንደበታቸው ላይ አላገጠ፤ በአርዕስቱ «ር» የሚገባበትን ሁሉ በ«ው» እየተካ ጻፈው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ተቃወመ፣ ለያኔው የፕሬስ ቅሬታ ኮሚሽንም ከ100 በላይ አቤቱታ ደረሰ። የሰው አንደበት፣ አካል ወይም በሽታ የገባበትን ቀልድ «አውዎፓ» እያሉ በድምፅ መድገም ትርጉም አይባልም። ከአላጋጩ ጋር የሚተባበር ሰው ሥራ ነው። ተንተባታቢ ልጅ ያለው ቤተሰብም ያንኑ ሬዲዮ ይሰማል።

የውጭ ዜጋ ሲሾም የሚመጣውም የታወቀ ነው። በ2000 መጨረሻ ስቬን ዮራን ኤሪክሰን የመጀመሪያው የውጭ አገር አሰልጣኝ ሆነው ሲመረጡ የዴይሊ ሜይል አምደኛ ስዊድናውያንን «ግማሽ ዕድሜያቸውን በጨለማ የሚኖሩ ሰባት ሚሊዮን የበረዶ ተንሸራታቾችና መዶሻ ወርዋሪዎች» አድርጎ ጻፋቸው። የስዊድን ሕዝብ በዚያን ጊዜ ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ በስድብ ውስጥ ያለ ቁጥር እንኳ መጣራት አለበት። በ2024 ቶማስ ቱኸል ሲሾሙም ያው ጋዜጣ ለእንግሊዝ ጨለማ ቀን ነው ብሎ ነው የተቀበላቸው።

አማርኛ ላይ እንግሊዝኛው የሌለው አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ «እሱ» እና «እሳቸው»። አሰልጣኙ ሲያሸንፉ «አሉ» ይባላሉ፣ ሲሸነፍ «አለ» ይባላል። ማንም አስቦ አያደርገውም፤ የታብሎይዱ ንቀት በግሡ ጀርባ ታዝሎ ይገባል። ብዙ የተደመጡ ፕሮግራሞችን ጽሑፍ ብታገላብጡ ይህን መዋዠቅ በአንድ ዜና ውስጥ እንኳ ታገኙታላችሁ። ፕሮግራማችሁ ለአሰልጣኝ አንቱታ የሚጠቀም ከሆነ በ5 ለ 0 ሽንፈትም ይቀጥል። የማይጠቀም ከሆነም ለአሸናፊው አይጨመር።

ወደ ጥቅሶች እንምጣ፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። የእንግሊዝ አሰልጣኝ ከጨዋታ በፊት የሚሰጠው መግለጫ አንድ ወጥ አይደለም። ካሜራ ያለበት ክፍል አለ፤ ወዲያው ይሰራጫል። ከዚያ ካሜራ ይጠፋና የጋዜጣ ጸሐፊዎች ለብቻቸው ይጠይቃሉ፤ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ እስከ ለንደን ምሽት 4፡30 (በእነርሱ አቆጣጠር 10፡30) ድረስ እንዳይወጣ ይታገዳል። በእነርሱ በጋ ይህ ሰዓት በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 6፡30 ነው፤ በክረምታቸው 7፡30። ሌሊት በአንድ ጊዜ በሁሉም ጋዜጦች ላይ «አሰልጣኙ ፈነዱ» የሚል ነገር ሲጥለቀለቅ አዲስ ነገር ተፈጥሮ አይደለም። እገዳው ስላበቃ ነው፤ ንግግሩ ከተነገረ ሰዓታት አልፈዋል። ስለዚህ «ዛሬ ሌሊት በሰጡት አስተያየት» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

ጥቅሱን ለማጣራት ሦስት ነገር ተመልከቱ። መጀመሪያ ጥያቄውን ፈልጉ። ጋዜጠኛው «ተቆጥተዋል?» ብሎ ጠይቆ አሰልጣኙ «አዎ፣ ትንሽ» ካለ፣ «ተቆጥቻለሁ» የሚለው ቃል የጠያቂው ነው። ቀጥሎ ተመሳሳዩን ጥቅስ በሁለት ጋዜጣ አስተያዩ፤ ሁሉም በአንድ ክፍል ስለነበሩ ቃሉ አንድ መሆን አለበት፤ አንዱ ጋ የጎደለችው ግማሽ ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አርዕስቱን የምታፈርሰው ናት። በመጨረሻ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለውንና የሌለውን ለዩ። በአርዕስት ላይ ነጠላ የጥቅስ ምልክት ያለበት ቃል በጽሑፉ ውስጥ በማንም አፍ ካልተነገረ አትጥቀሱት።

የታብሎይድ ግሦች የራሳቸው ሚዛን አላቸው። «ስላምስ»፣ «ብላስትስ»፣ «ሪፕስ ኢንቱ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ተቸ ማለት ነው፤ «አብጠለጠለ» ወይም «አወረደበት» አይደለም። «ስነብ» ሲሉ አልመረጠም ማለት ነው፤ ናቀ ማለት አይደለም። «ፊውሪ» (ቁጣ) ሁለት ሰው በማኅበራዊ ገጽ ስለጻፈም ይባላል። «ክራይሲስ ቶክስ» (የቀውስ ውይይት) የተለመደ ስብሰባ ሊሆን ይችላል። «ኦን ዘ ብሪንክ» (አፋፍ ላይ) ማንም ሊያሰናብታቸው ወሰነ ማለት አይደለም። በተለይ «ሊባረሩ ነው» ከማለታችሁ በፊት ማን ወሰነ፣ መቼ፣ የት ተነገረ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱም ከሌሉ ጋዜጣው ግምቱን ነው የጻፈው፤ እናንተም «እንደ ጋዜጣው ግምት» በሉት። «ተተኪ ሆኖ ቀዳሚ ግምት የተሰጠው» የሚለው ዝርዝር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውርርድ ድርጅቶች ነው፤ በአሰልጣኝ ሹመት ላይ የሚወራረደው ገንዘብ አነስተኛ ስለሆነ ጥቂት ውርርድ ዝርዝሩን ይገለብጠዋል።

«ቅርብ ምንጮች» የሚለው ሐረግ ደግሞ ከቀጣሪው ከራሱ ሊመጣ እንደሚችል የ2004ቱ ጉዳይ በግልጽ አሳይቷል። የማህበሩ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ፣ የዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርክ ፓሊዮስ ስም ከአንድ የግል ሕይወት ታሪክ እንዲቀር፣ በልዋጩ የኤሪክሰንን ዝርዝር ለኒውስ ኦፍ ዘ ዎርልድ ለመስጠት ተደራደረ። ጋዜጣው ድርድሩን ራሱን አተመው፤ ሁለቱም ኃላፊዎች ለቀቁ። አሰልጣኙን የሚያሳጣ መረጃ ሲመጣ ማን ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

የግል ሕይወት ታሪኮችን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ በቡድኑ ሥራ ላይ የሚነካው ነገር ካልተገኘ አትተርጉሙ። ሉዊዝ ፌሊፔ ስኮላሪ በኤፕሪል 2006 ለእንግሊዝ ሥራ ታጭተው ሳለ ወደ 20 የሚሆኑ ጋዜጠኞች ቤታቸውን ስለከበቡ ነበር ራሳቸውን ያገለሉት። ሚስት፣ ልጅ፣ የቤት አድራሻ በአማርኛ አይወጣም።

በማታለል የተገኘ ታሪክ ግን ሙሉ በሙሉ ሊዘለል አይችልም፤ ውጤቱ ዜና ነው። በጃንዋሪ 2006 የኒውስ ኦፍ ዘ ዎርልዱ ማዝኸር ማህሙድ የዓረብ ባለሀብት መስሎ ዱባይ ላይ ኤሪክሰንን አናገራቸው፤ ሳይቆይም ከዓለም ዋንጫው በኋላ እንደሚለቁ ማህበሩ አስታወቀ። በሴፕቴምበር 2016 ዴይሊ ቴሌግራፍ፣ ታብሎይድ ሳይሆን በትልቅ ገጽ የሚታተም ጋዜጣ፣ ነጋዴ በመሰሉ ሪፖርተሮች ሳም አላርዳይስን ቀረጻቸው፤ በ67 ቀንና በአንድ ጨዋታ ሥራቸው አበቃ። በዚያ ቀረጻ ውስጥ ሆጅሰንን «ዎይ» ብለው ሲጠሩ ይሰማል፤ የ2012ቱ የፊት ገጽ ቀልድ በተተኪያቸው አፍ። እንዲህ ያለውን ስትዘግቡ በምን መንገድ እንደተቀረጸ በመጀመሪያው አንቀጽ ተናገሩ፤ በቀረጻው የተባለውን ጋዜጣው ከተረጎመበት ለዩ። ስለ ማህሙድ ስትጽፉ ደግሞ በሌላ ጉዳይ ፍርድ ቤትን ለማሳሳት በማሤር በ2016 የ15 ወር እስር እንደተፈረደበት መጨመር ተገቢ ነው።

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወይም በእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ማመልከት የምትፈልጉ፣ ከ2014 ጀምሮ ቅሬታ የሚቀበለው ኢፕሶ የተባለው የጋዜጦች ተቆጣጣሪ አካል ነው። ዘ ሰን፣ ሚረርና ሜይል አባል ናቸው፤ ዘ ጋርዲያን አይደለም። ከታተመ በ4 ወር ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ድረ ገጽ ላይ ያለ ከሆነ እስከ 12 ወር ሊታይ ይችላል። የገጹን ምስልና የታተመበትን ቀን አያይዙ፤ ከጋዜጦቹ የሥነ ምግባር ደንብ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አሰልጣኙን ሰደቡት» የሚል አቤቱታ አይሄድም፤ ደንቡ የጨዋነት ጉድለትን አይዳኝም፣ ተርኒፕም ዛሬ ቢታተም አይከለከልም። የሚያዋጣው አንቀጽ 1 ነው፤ በጽሑፉ ያልተደገፈ አርዕስት ትክክለኝነትን እንደሚጥስ በግልጽ ይላል፤ ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ሰውም ጉልህ ስህተት ካለ በዚህ አንቀጽ ሊያመለክት ይችላል። አንቀጽ 12 ዘርን፣ ሃይማኖትንና አካል ጉዳትን ይሸፍናል፤ የሚጠብቀው ግን በስም የተጠቀሰውን ሰው ነው፣ አመልካቹም በመሠረቱ ራሱ መሆን አለበት። ጋዜጣውና አመልካቹ በራሳቸው እንዲጨርሱት እስከ 28 ቀን ይሰጣል።

ስህተቱ ከእናንተ አየር ላይ ከወጣ ደግሞ በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት አርሙት። ስድቡን ሳትደግሙ «ትናንት አሰልጣኙ እንደሚሰናበቱ አድርገን ያቀረብነው የጋዜጣው ግምት ነበር፤ ማህበሩ ምንም አላለም» በሉ። የቴሌግራሙን ጽሑፍ ዝም ብላችሁ አታጥፉ፤ ሌሎች ያጋሩት ቅጂ ይቀራልና። እዚያው ላይ «ታርሟል» ብላችሁ ትክክለኛውን ከላይ ጻፉ፣ ፎቶውንም ቀይሩ።